ስክሪፕት ፋይል በምን ይከፈት?

ደብረ ብርሃን ውስጥ የፎቶ ኮፒና የህትመት ቤት ያለው ሰው የፍላሽን መዘዝ አሳምሮ ያውቀዋል። ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ የመጣ መምህር ፈተና ሊያሳትም ፍላሹን ይሰካል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ይመጣል፤ ከእነሱ ቀጥሎ ባለጉዳይ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ይቀመጣል። ሁሉም የሚያልፉት በአንድ ኮምፒውተር ነው። ከዚያ ፎልደሩ በሙሉ ሾርትከት ሆኖ ይገኛል። “ቫይረስ በላው” ይባልና ፍላሹ ፎርማት ይደረጋል፤ የሰው ድካምም አብሮ ይሄዳል። ሾርትከት ቫይረስ የምንለው ግን ብዙ ጊዜ ቅጥያው፣ ማለትም የፋይል ስሙ መጨረሻ፣ ዶት ቪቢኤስ የሆነ አነስተኛ ስክሪፕት ነው። ፋይሎቹም አልተበሉም፤ ተደብቀዋል።

ስክሪፕት በተራ ጽሑፍ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ሲከፈት ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ ወይ ጽሑፉ ይነበባል፣ ወይ ትእዛዙ ይፈጸማል። ይህን የሚወስነው ለዚያ ቅጥያ የተመደበው ፕሮግራም ነው። ፎቶን በየትኛው ፕሮግራም እንደምንከፍት መምረጥ የምቾት ጉዳይ ነው፤ የስክሪፕት ግን የደኅንነት ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው በሚነካው ኮምፒውተር ላይ ስክሪፕት ደብል ክሊክ ሲደረግ በኖትፓድ ተከፍቶ መነበብ አለበት፤ የሚፈጸመው ባለቤቱ አውቆ ሲያዝዘው ብቻ ይሁን።

ዊንዶውስ ግን ከዊንዶውስ 98 ጀምሮ ሥራውን የሰጠው ለተቃራኒው ነው። ዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስት የተባለ ፕሮግራም ዶት ቪቢኤስና ዶት ጄኤስ ፋይሎችን እየተቀበለ ሳይጠይቅ ይፈጽማል። በሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. ከፊሊፒንስ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰው “አይ ላቭ ዩ” የተባለው ቫይረስ የተጠቀመው ይህንኑ ነው። በኢሜል የመጣው ፋይል ስም በዶት ቲኤክስቲ የሚያልቅ ይመስል ነበር። እውነተኛው ቅጥያ ዶት ቪቢኤስ ከኋላው ነበረ፤ ዊንዶውስ ቅጥያን ስለሚደብቅ ግን ሰው አላየውም። የፍቅር ደብዳቤ መስሎት ከፈተው።

የመጀመሪያው ሥራ እንግዲህ ቅጥያው እንዲታይ ማድረግ ነው። ማንኛውንም ፎልደር ክፈቱ። በዊንዶውስ 10 ከላይ “ቪው” የሚለውን ነክታችሁ “ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ” ላይ ምልክት አድርጉ። በዊንዶውስ 11 ከ“ቪው” ስር “ሾው” ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሌላውን ሁሉ ባትሠሩ እንኳ ይህን አትለፉት፤ ቅጥያውን የሚያይ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

ቀጥሎ መለማመጃ ፋይል አዘጋጁ፤ በተጠረጠረ ፋይል ላይ ልምምድ የለም። ኖትፓድ ክፈቱ፣ ምንም ሳትጽፉ “ሴቭ አዝ” በሉ። “ሴቭ አዝ ታይፕ” በሚለው ቦታ “ኦል ፋይልስ” ምረጡና ስሙን ሙከራ ብላችሁ ዶት ቪቢኤስ ጨምሩበት። “ኦል ፋይልስ” ካልመረጣችሁ ኖትፓድ የራሱን ዶት ቲኤክስቲ ከኋላ ይቀጥልበታል። ፋይሉ ባዶ ስለሆነ ደብል ክሊክ ብታደርጉትም ጉዳት አያደርስም።

አሁን ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ “ፕሮፐርቲስ” ውስጥ ግቡ። “ኦፕንስ ዊዝ” ከሚለው ፊት ለፊት የስክሪፕት ሆስት ስም ተጽፎ ታያላችሁ። “ቼንጅ” ነክታችሁ ኖትፓድን ምረጡ፣ አረጋግጡ፣ “አፕላይ” በሉ። ከዚያ ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ፈትሹ፤ ባዶ የኖትፓድ ገጽ ከተከፈተ ተሳክቷል። በ“ኦፕን ዊዝ” በኩል የምትሄዱ ከሆነ “ኦልዌይስ” የሚለውን ምረጡ፤ “ጀስት ዋንስ” ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ነገ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

አንዱን ቅጥያ መቀየር ሌሎቹን አይቀይርም። ዶት ቪቢኢ፣ ዶት ጄኤስ፣ ዶት ጄኤስኢ፣ ዶት ደብሊውኤስኤፍ እና ዶት ኤችቲኤ ላይ ይህንኑ ድገሙ። ዶት ኤችቲኤና ዶት ኤችቲኤም ይምታታሉና አስተውሉ፦ ዶት ኤችቲኤም ተራ የድረ ገጽ ፋይል ነው፣ ብራውዘር ይክፈተው፤ ዶት ኤችቲኤ ግን እንደ ፕሮግራም የሚሠራ ነው። ለእያንዳንዱ መለማመጃ ፋይል መፍጠር ከሰለቻችሁ “ሴቲንግስ”፣ “አፕስ”፣ “ዲፎልት አፕስ” ብላችሁ ግቡ። ዊንዶውስ 11 ቅጥያውን የምትጽፉበት ሳጥን ይሰጣችኋል፤ በዊንዶውስ 10 ወደ ታች ወርዳችሁ “ቹዝ ዲፎልት አፕስ ባይ ፋይል ታይፕ” የሚለውን ፈልጉ።

የማይነኩም አሉ። ዶት ኤልኤንኬ የሾርትከት ቅጥያ ነው፤ እሱን ለኖትፓድ ብትሰጡት ዴስክቶፑ ላይ ያለው የሾርትከት አይከን ሁሉ መሥራት ያቆማል። ዶት ኢኤክስኢ፣ ዶት ባት እና ዶት ሲኤምዲም እንዳሉ ይቀመጡ፤ የተጫኑ ፕሮግራሞች ይጠቀሙባቸዋል። የዶት ባት ፋይል ውስጡን ማየት ስትፈልጉ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ “ኤዲት” በሉ፣ ጽሑፉ ይከፈታል። የፓወርሼል ስክሪፕት ደግሞ ከመጀመሪያው በኖትፓድ እንዲከፈት ተደርጎ የተሠራ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ከቪቢኤስ ዘመን የተማረው ይህን ነው።

ፕሮግራሚንግ ለሚማሩትም ጉዳዩ ቅርብ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. “አምስት ሚሊዮን የኢትዮጵያ ኮደሮች” የተባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ኮድ መጻፍ የሚሞክር ወጣት በየከተማው አለ። ጀማሪው በጃቫስክሪፕት “ኮንሶል ዶት ሎግ” ብሎ አንድ መስመር ይጽፋል፣ በዶት ጄኤስ ያስቀምጣል፣ ደብል ክሊክ ያደርጋል። “ዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስት” የሚል ሳጥን ብቅ ይልና ኮንሶል የሚባል ነገር አላውቅም ይለዋል፤ ከስሩ 800ኤ1391 የሚል ቁጥር አለ። ልጁ የተሳሳተ ይመስለዋል። አልተሳሳተም። ኮንሶል የብራውዘርና ኖድ የተባለው የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ ንብረት ነው፣ ስክሪፕት ሆስት ዘንድ የለም። ዶት ጄኤስን ለቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ወይም ለኖትፓድ ስጡት፤ ኮዱን ከድረ ገጽ ፋይል ጋር አያይዛችሁ በብራውዘር፣ ወይም በኖድ ሞክሩት።

ፓይተንም የራሱ ችግር አለው። ዶት ፒዋይ ፋይል ደብል ክሊክ ሲደረግ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ ስለሚዘጋ ነው። ብዙዎች በ“ኦፕን ዊዝ” ዝርዝር ውስጥ አይድል የተባለውን የፓይተን ኮድ ማረሚያ ይፈልጉና ያጡታል፤ አይድል እንደ ሌሎቹ ራሱን የቻለ የዶት ኢኤክስኢ ፋይል ስላልሆነ ነው። ቀላሉ መንገድ ራይት ክሊክ አድርጎ “ኤዲት ዊዝ አይድል” ማለትና ኤፍ5ን መጫን ነው፤ ውጤቱ በሌላ መስኮት ላይ ይቆያል፣ ስሕተት ካለም ይነበባል።

ኡቡንቱ የሚጠቀሙ ብዙ መድከም የለባቸውም፤ ስክሪፕት ደብል ክሊክ ሲደረግ በጽሑፍ ማረሚያ ይከፈታል። መክፈቻውን ለመቀየር ራይት ክሊክ፣ “ኦፕን ዊዝ”፣ ከዚያ ለዚህ ዓይነት ፋይል ሁልጊዜ የሚለውን ማብራት ይበቃል። በማክ ደግሞ “ጌት ኢንፎ” ውስጥ ፕሮግራሙን መርጦ “ቼንጅ ኦል” ማለት ነው።

ወደ ህትመት ቤቱ እንመለስና፣ መክፈቻውን መቀየር ሁሉንም በር አይዘጋም። አንዳንድ ሾርትከት ቫይረስ ስክሪፕት ሆስትን በስሙ ጠርቶ ፋይሉን ያቀብለዋል፤ ያን ጊዜ የእናንተ ምርጫ አይጠየቅም። የተጠናከረ መከላከያ የሚፈልግ ስክሪፕት ሆስትን ራሱን ማጥፋት አለበት። በአስተዳዳሪ አካውንት ሬጅስትሪ ኤዲተርን ከፍታችሁ በኤችኪ ሎካል ማሽን፣ ሶፍትዌር፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስት፣ ሴቲንግስ መንገድ ግቡ። “ኢኔብልድ” የሚል ዲወርድ ከሌለ ፍጠሩና ዋጋውን 0 አድርጉት። ከዚህ በኋላ የዊንዶውስን ፈቃድ የሚያሳየው ኤስኤልኤምጂአር አይሠራም፤ እሱም ቪቢኤስ ነውና። ባለሙያ ሲፈልገው 1 አድርጎ ይመልሰዋል።

ፍላሹ አስቀድሞ ከተያዘ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። በፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፤ “ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ” ላይ ያለውንም ምልክት አንሱ። የጠፋው ፎልደር ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ሾርትከቱን ሳትነኩ ወደ እውነተኛው ፎልደር ገብታችሁ ሰነዶቹን ብቻ ቅዱ፤ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይሁን።

የትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ ላብ ለሚያስተዳድሩ አንድ ነገር ይቀራል። የመክፈቻ ምርጫ የሚቀመጠው በተጠቃሚው አካውንት ነው፤ በአስተዳዳሪው አካውንት የቀየራችሁት ተማሪው ዘንድ አይደርስም። ኮምፒውተሮቹ ጥቂት ከሆኑ በየአካውንቱ እየገቡ ማስተካከል ያዋጣል። በዶሜይን የተያያዙ ብዙ ከሆኑ ግን አንዱን አስተካክላችሁ ምርጫዎቹን ዲዝም በተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ወደ ፋይል አውጡ፣ ፋይሉንም በግሩፕ ፖሊሲ ለሁሉም ስጡ፤ ተማሪው ሎግ ኢን ሲያደርግ ይደርሰዋል። ሥራውን ጨርሰናል ከማለታችሁ በፊት በተማሪ አካውንት ገብታችሁ በየቅጥያው አንድ አንድ ባዶ ፋይል ክፈቱ።