በላስቲክ ለምትሄደው መኪናህ

ልጄ፣ እኛ አዲስ አበባ ስናድግ የሰርዲን ቆርቆሮ ላይ አራት ቆርኪ ገጥመን በገመድ እንጎትት ነበር። ለትምህርት ቤት ውድድር የምትሠራት ያንተዋ ግን በራሷ ጉልበት ነው የምትሄደው፤ ስለዚህ ልብ ብለህ ስማኝ።

1. ለፉንዲ፣ ለእጅ ባለሙያ፣ ከፍለህ አታሠራት። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 በየትምህርት ቤቱ ማዳረስ የጀመረችው ሥርዓተ ትምህርት ሥራውን ለአንተ የሰጠው እጅህ እንዲለምድ ነው። አባትህ ለጎማው የምትፈልገውን ቆርኪ በምስማር ይብሳልህ፣ ይበቃል።

2. ዕቃ ኪሊማኒ ሰፈር ውስጥ አይጠፋም። ንጎንግ መንገድ ዳር የቤት ዕቃ የሚሠሩትን አናጢዎች ስስ የጣውላ ቁራጭ በትሕትና ጠይቃቸው። ለኋላ ጎማ ሁለት አሮጌ ሲዲ፣ ለዘንግ የምሽካኪ ሥጋ መጥበሻ እንጨት፣ ለዘንጉ ማስገቢያ ቀለሙ ያለቀ የእስክሪብቶ ቀፎ፣ በመጨረሻም የብር ማሰሪያ ላስቲክ ያዝ።

3. ከሁሉም በላይ ዘንጉ ላይ ድከም። ላስቲኩ የሚሰጥህ ጉልበት ስትጠመጥመው ያጠራቀምከውን ብቻ ነው፤ ሰበቃ ከበላው ሌላ የለህም። ሲዲው መሃል ላይ የምትለጥፈው ቆርኪ ቀዳዳው ትክክል መሃሉ ላይ ይሁን፤ ትንሽ ከሳተ ጎማው ይንገዋለላል። መኪናዋን አንሥተህ ጎማውን በጣትህ አሽከርክረው። ወዲያው ከቆመ ጥፋቱ የላስቲኩ አይደለም፤ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው።

4. አሁን ሒሳቡ። ላስቲኩን 22 ሴንቲ ሜትር ስበህ ዘንጉ ላይ ጠመጠምከው እንበል። ዘንግህ 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እርሳስ ከሆነ 10 ዙር ያህል ይጠመጠማል። ሲዲ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በአንድ ዙር 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ላስቲኩ መኪናህን ወደ 4 ሜትር ይገፋታል ማለት ነው። 3 ሚሊ ሜትር የሆነው የምሽካኪ እንጨት ግን 23 ዙር ይይዛል፤ ወደ 9 ሜትር ትጠጋለህ። በዚያው ልክ ግፊቱ ይለዝባል፣ ከባድ መኪና ከቦታዋ አትነቃነቅም። ውድድሩ በርቀት ነው ወይስ በፍጥነት? መምህርህን ሳትጠይቅ ዘንግ አትምረጥ።

5. ላስቲኩን ዘንጉ ላይ አትቋጥረው። ትንሽ መንጠቆ አብጅተህ አንጠልጥለው፤ ሲያልቅ ይለቅቅና መኪናዋ በያዘችው ፍጥነት ትቀጥላለች። የተቋጠረ ላስቲክ መልሶ በተቃራኒው ይጠመጠምና ፍሬን ይሆንብሃል።

6. ሲዲ ሴራሚክ ወለል ላይ ይንሸራተታል። ፊኛ ቆርጠህ ጠርዙን አልብሰው።

7. ላስቲኩን በጉልበቱ ትንሽነት አትናቀው። ስቲቨን ፔሪ ይህን ላስቲክ እ.ኤ.አ. በ1845 ለንደን ላይ ሲያስመዘግብ ለወረቀት ማሰሪያ ነበር ያሰበው። በ1871 ፓሪስ ውስጥ አልፎንስ ፔኖ በተጠማዘዘ ላስቲክ ትንሽ አውሮፕላን አበረረ።

8. ሙከራህን ጎረቤት አስፈቅደህ ኮሪደሩ ላይ አድርግ፤ የግቢው የካብሮ ንጣፍ ድንጋይ ስንጥቁ ጎማ ይይዛል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ዘንጉንም ላስቲኩንም ባንዴ ከቀየርክ የጠቀመህ የቱ እንደሆነ አታውቅም። ታናሽ እህትህ ሜትሩን ትያዝልህ፣ ርቀቱን አንተ ጻፍ።