ምዕራፍ ሰባት፦ ላፕቶፕ ሳይኖር አፕ መሥራት መማር

የሞባይል አፕ መሥራት የሚፈልግ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኮምፒውተሩን ከየት ላምጣ?» ብሎ ነው። ኮምፒውተር መጨረሻ ላይ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ መጀመሪያ ዕውቀቱ ይቅደም።

አዲስ አበባ ጊዮርጊስ ሰፈር የማውቃቸው አንዲት እናት ዕቁብ ሲደርሳቸው ብሩን በሙሉ ለልጃቸው ላፕቶፕ አዋሉት። ልጁ ያየው የስክሪኑን ስፋትና ላዩ ላይ የተለጠፈውን ምልክት ብቻ ነበር። ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ያውም ከቦርዱ ጋር የተበየደና የማይጨመርበት ሆኖ ተገኘ። የአፕ መሥሪያው ፕሮግራም አንድሮይድ ስቱዲዮ ግን ቢያንስ 8 ይፈልጋል፤ በደንብ ለመሥራት 16። ፕሮግራሙ ሲከፈት ማሽኑ ይግላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ልጁ ላፕቶፑን በኪሳራ ሸጠው፤ ትምህርቱንም አብሮ ተወው። የእናት ላብ እንዲህ መና ሲቀር ያንገበግባል።

ላፕቶፕ ሳይኖር የሚጀመረው እንዲህ ነው። አንደኛ፦ ደብተር ያዙ። የልጁ ታናሽ እህት የያዘችውን መንገድ ለሁሉም እመክራለሁ። በግራው ገጽ የአንድሮይድ አፕ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በኮትሊን፣ ኮድ በእጇ ትጽፋለች። በቀኙ ገጽ እያንዳንዱ መስመር ሲፈጸም ቁጥሮቹ ምን እንደሚሆኑ በሠንጠረዥ ታወርዳለች፤ ዋጋ 100፣ ቅናሽ 15፣ ቀሪ 85 እያለች። ከዚያ ስልኳ ላይ ኮትሊን ፕሌይግራውንድን በብሮውዘር ከፍታ ኮዱን ታስኬደዋለች። መልሱ ከሠንጠረዧ ጋር ካልገጠመ ስሕተቱን ራሷ ፈልጋ ታገኛለች። የጥንቶቹ ፕሮግራመሮችም ኮዳቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ካርድ ላይ አስበስተው፣ ማሽኑ ዘንድ ተራ ይጠብቁ ነበር። አስቦ መጻፍን ያስተማራቸው እጥረቱ ነው።

ሁለተኛ፦ ነፃ ትምህርት ተጠቀሙ። በሐምሌ 2016 ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የአንድሮይድ ኮርስ በነፃ አቅርቧል።

ሦስተኛ፦ የጋራ ኮምፒውተር ፈልጉ። በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ነው፤ ከጊዮርጊስ በእግር ይኬዳል። ደብተሩን የሞላ ሰው እዚያ ኮምፒውተር ላይ አንድ ሰዓት ቢያገኝ ብዙ ይሠራበታል። እዚህ ላይ ቀጣሪዎችንም ልውቀስ። ለልምምድ የመጣን ተማሪ «የራስህን ላፕቶፕ ይዘህ ና» ማለት የድሃን ልጅ ከበር መመለስ ነው፤ በየቢሮው አቧራ የለበሱ ኮምፒውተሮች ተደርድረው እያለ! ወጣቱም ሌሊቱን ቲክቶክ ላይ አንግቶ «መሣሪያ የለኝም» ማለቱን ይተው። ስልኩ መሣሪያ ነው።

አራተኛ፦ ኮዳችሁን ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጡ። ትእዛዙን አንዴ ከጻፋችሁለት ጊትሀብ አክሽንስ በራሱ ሰርቨር ላይ ኤፒኬውን፣ ማለትም የአፑን መጫኛ ፋይል፣ አዘጋጅቶ ይሰጣችኋል፤ እናንተ ስልካችሁ ላይ መጫን ብቻ ነው።

አምስተኛ፦ የአይፎን አፕ ለጊዜው ይቆይ። የአይፎን አፕ መሥሪያው ኤክስኮድ የሚሠራው ማክ ላይ ብቻ ነው። ጎግል ፕሌይ ለመመዝገቢያ አንዴ 25 ዶላር ሲያስከፍል አፕል በየዓመቱ 99 ይጠይቃል።

መግዣው ቀን ሲደርስ ላፕቶፑን ሻጩ ፊት አስከፍታችሁ ራሙን በዓይናችሁ እዩ። ከ8 ጊጋ በታች ከሆነ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ደብተር ግዙና የመጀመሪያውን ኮድ ጻፉ።