የጡረታ ገንዘባችሁን የሚያማክራችሁን ሰው ስትመርጡ

ሰኔ 2012 ዓ.ም. ከሥራ ስሰናበት ወርኃዊ የጡረታ አበል አልነበረኝም። ሀብሩ ወረዳ ውስጥ በመስኖ ሥራ ያገለገልኩበት ግብረ ሠናይ ድርጅት ሠራተኞቹን የያዘው በፕሮቪደንት ፈንድ ስለነበር፣ የሃያ ሁለት ዓመት ድካሜ ተጠቃሎ በአንድ ቼክ እጄ ገባ። የመንግሥት ሠራተኛ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ሲሞላው እስከ ዕለተ ሞቱ በየወሩ የሚከፈለው አለው። እኔ ግን ያችን ቼክ የት እንደማደርጋት ሰው አማከርኩ፤ የመረጥኩት አማካሪም ትክክለኛው አልነበረም። ከመርሳም ሆነ ከወልዲያ በቅርቡ ጡረታ የምትወጡ ሰዎች እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ የደረስኩበትን ቅደም ተከተል እነሆ።

1. ገንዘቡን ለሁለት ክፈሉት። የአንድ ዓመት ቀለብ፣ መድኃኒትና የእድር መዋጮ የሚሸፍነውን ባንክ አስቀምጡና እርሱት፤ ምክር የሚጠየቀው በተረፈው ላይ ነው። ወለድ የማትቀበሉ ከሆነም ገና ከመጀመሪያው ተናገሩ፣ አማካሪው ከወለድ ነፃ የሆነውን ብቻ ይዞ ይምጣ።

2. አማካሪን ከሻጭ ለዩ። የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ተቀማጭ ይፈልጋል፣ አክሲዮን ሻጭ አክሲዮኑን መሸጥ፣ ደላላ ቤትና ቦታ ማገናኘት። የሚነግሯችሁ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን ከራሳቸው መደርደሪያ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳዩአችሁ።

3. ፈቃዱን ጠይቁ። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት በአክሲዮንና በቦንድ ጉዳይ የማማከር ሥራ የሚሠራ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይህን አይተካም። ፈቃዱ «የኢንቨስትመንት አማካሪ» የሚል መሆኑን፣ ስሙም ከሰውየው ወይም ከድርጅቱ ስም ጋር አንድ መሆኑን ከባለሥልጣኑ ራሱ አጣሩ። ፈቃድ ያላቸው በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው፤ ቢሆንም ለመጀመሪያው ንግግር አውቶቡስ አትሳፈሩ። እኔ አሁን መጀመሪያ በስልክ ነው የምጠይቀው። በስልክ ጥያቄዬን የሸሸ ሰው ፊት ለፊትም አይመልስልኝም፤ የመሳፈሪያዬን ዋጋ አተርፋለሁ።

4. ማን እንደሚከፍለው ጠይቁ። እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው።

ያማከረኝ ወጣት የእድራችን አባል ልጅ ነው። ቤቴ መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ «ጋሼ፣ ገንዘብዎ ባንክ ተኝቶ እየሟሟ ነው» አለኝ። አልዋሸም። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ የዋጋ ንረቱ ደግሞ ከዚያ እጥፍ በላይ ሄዷል። ከዚያም ገና በምሥረታ ላይ ያለ ባንክ አክሲዮን እንድገዛ መከረኝ። ታኅሣሥ 2013 ከገንዘቤ ከግማሽ የሚበልጠውን ከፈልኩ። በላዩ ላይ 5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ነበረበት፤ እንደማይመለስ ቅጹ ላይ ተጽፏል። ሳላነብ ፈረምኩ።

ሚያዝያ ላይ ብሔራዊ ባንክ አንድ ባንክ ሊኖረው የሚገባውን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አደረገ። የእኔ ባንክ ሳይመሠረት ቀረ። በነሐሴ ጦርነቱ መርሳና ወልዲያ ደረሰ፤ ቤት ዘግተን ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደድን። ስንመለስ ሳጥኑ ተበርብሮ ደረሰኙ የለም። ገንዘቤን ያገኘሁት በ2015 ነው፣ ያውም ከብዙ ምልልስ በኋላ፤ የአገልግሎት ክፍያውን ሳይጨምር። የብሩ ቁጥር ያው ነበር። ስከፍለው ሊገዛልኝ ይችል የነበረውን ጤፍ ግን በዚያ ብር መግዛት አልቻልኩም።

ወጣቱ ከእኔ ግዢ ኮሚሽን ማግኘቱን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። አልደበቀኝም፤ እኔ አልጠየቅኩትም። ለምን አልጠየቅክም ብትሉኝ መልሱ ይሉኝታ ነው። የጎረቤትን ልጅ፣ ያውም ቡናዬን እየጠጣ፣ «ከዚህ ስንት ታገኛለህ?» ማለት ነውር መሰለኝ። እናንተ ላይም እንደዚያው ይመጣል፤ በተለይ ሰውየው ዘመድ ከሆነ፣ በችግራችሁ ጊዜ ደርሶላችሁ ከሆነ። እባካችሁ በዚያች ደቂቃ አትሸነፉ። አፋችሁ እምቢ ካለ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ ወይም እንደ እኔ ልጃችሁን አስጠይቁ። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦

«ይህን ብገዛ ስንት ታገኛለህ?»
«ባልገዛስ?»
«የሚከፍልህ ማን ነው?»

ሁለተኛውን ጥያቄ አደራ። ብገዛም ባልገዛም ያው ክፍያ የሚያገኝ ሰው «ተወው፣ ይቅርብህ» ለማለት አይቸገርም። ስገዛ ብቻ የሚያገኝ ሰው ግን ደግ ቢሆንም «ግዛ» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ እኔ የምመርጠው ከራሴ ኪስ ቁርጥ ያለ ክፍያ የሚቀበለኝን ነው። ለምክር ብር መክፈል ለአገራችን ሰው ይከብደዋል፣ አውቃለሁ። የእኔ «ነፃ» ምክር ግን ያንን 5 በመቶና ሁለት ዓመት አስከፍሎኛል። «ምንም አላገኝም፣ ለእርስዎ ብዬ ነው» ካላችሁም ይህንኑ በጽሑፍ ፈርሞ ይስጣችሁ።

5. ሂሳብና መውጫ ጠይቁ። 100,000 ብር በ7 በመቶ በዓመቱ 107,000 ይሆናል። በ2014 እንዳየነው ኑሮ ከ30 በመቶ በላይ ከተወደደ ግን በ100,000 ይገዛ የነበረው ከ130,000 በላይ ይጠይቃል። አማካሪው ይህን ልዩነት ራሱ ካላነሳ፣ ግብርና ክፍያ ሲቀነስ ምን እንደሚተርፍ ካላሳየ፣ ሌላ ፈልጉ። «ትርፉ የተረጋገጠ ነው» የሚል ከሆነ ደግሞ ቡናውን ሳይጨርስ ሸኙት። ቀጥሎ «ብታመምና ገንዘቡን ብፈልግ በስንት ቀን ይወጣል?» በሉት። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ሥራ ጀምሯል፤ እዚያ የሚሸጠው ግን የተመዘገበ ኩባንያ አክሲዮን ነው፤ የያዛችሁት ሁሉ አይሸጥም።

6. ገንዘባችሁ በአማካሪው እጅ አይለፍ። በግል ሒሳቡ አስገቡልኝ ካለ ነገሩ አበቃ። ጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን አንዱን በ300 ብር ሲሸጥ፣ መነሻው 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር፣ መርሳ ላይ የተቀመጠ ሰው በቴሌብር ከስልኩ መግዛት ይችል ነበር። «እኔ አስገባልሃለሁ» የሚል ሰው በመሀል አያስፈልግም። ደረሰኙን፣ ውሉንና የአክሲዮን ምስክር ወረቀቱን በዚያው ቀን ፎቶ አንሱና ሌላ ከተማ ላለ ልጅ ወይም ወንድም ላኩ። የእኔን ያየ ምክንያቱን አይጠይቅም።

7. ሁለት ሳምንት ቆዩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። «ነገ ይዘጋል» ካሏችሁ ይዘጋ።

ይህን ሁሉ የምትጀምሩት ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ይሁን፣ ቢቻል ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ። ቼኬ በገባ በሳምንቱ ነው ያ ወጣት በሬን ያንኳኳው፤ እናንተም ጋ የሚያንኳኳ አይጠፋም። ያን ጊዜ ሦስቱ ጥያቄዎች በወረቀት ተጽፈው፣ ከቡናው ስኒ አጠገብ ይጠብቁት።