በአንገት ያለ ምልክትና በልብ ያለ እምነት

ልጆች ሆይ፤ ፊደልን የምትማሩት ለምንድር ነው ተብላችሁ ብትጠየቁ ምን ትመልሳላችሁ? ፊደል የራቀውን የሚያቀርብ፤ የተረሳውንም የሚያስታውስ ምልክት ነው። አባት በሩቅ አገር ሳለ ደብዳቤ ቢልክ፤ ልጁ ፊደሉን አንብቦ የአባቱን ምክር ይሰማል። በወረቀቱ ላይ ያለው ቀለም አባቱ አይደለም፤ ነገር ግን የአባቱን ፍቅር ያሳስበዋል። እንደዚሁም በወረቀት ሳይሆን በልብስና በአንገት ላይ የሚታይ ፊደል አለ። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ፊደል ነው።

1 ልብስ እንደሚናገር

በአገራችን ልብስ የሚለበሰው ብርድን ለመከላከል ብቻ አይደለም። ልብስ የለባሹን ነገር ለሚያየው ሁሉ ይናገራል። አንድ ሰው ነጠላውን ገልብጦ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ቢለብስ፤ ኀዘን እንዳገኘው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በመንገድ ያገኘው ሰው ምን ሆነሃል ብሎ ሳይጠይቅ፤ እግዚአብሔር ያጽናህ ይለዋል። ያው ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን በሄደ ጊዜ ደግሞ ነጠላውን በትከሻውና በደረቱ ላይ በመስቀል ምልክት ያጣፋዋል። ልብሱ ያው ነው፤ አለባበሱ ግን ሌላ ቃል ይናገራል።

የሴቶችንም ቀሚስ ተመልከቱ። ከአንገቱ ጀምሮ በደረቱ ላይ እስከ ታች ድረስ የመስቀል ጥልፍ የወረደበት ቀሚስ ብዙ ነው። ጥጡን እናቶች ፈትለውታል፤ ሸማኔው በጕድጓድ ተቀምጦ ሸምኖታል፤ ጠላፊውም በመርፌ ዐይን ብዙ ክር አሳልፎ መስቀሉን አውጥቶበታል።

ከሁሉም ይልቅ የታወቀው ምልክት ማተብ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀን፤ ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀን ትጠመቃለች። በዚያን ጊዜ የተገመደ ክር በሕፃኑ አንገት ይታሰራል። ይህ ክር ማተብ ይባላል። ቃሉ ከግእዝ የመጣ ነው፤ በግእዝ ዐተበ ማለት በመስቀል ምልክት አመለከተ ማለት ነው። በጸሎት ጊዜ እጃችንን በግንባራችን፤ በደረታችንና በትከሻችን ስናደርግ አማተብን እንላለን፤ ይህም ቃል ከማተብ ጋራ አንድ ዘር ነው። ሰውም ቃሉን የማያፈርስ ታማኝ ሲሆን ባለ ማተብ ይሉታል፤ ከዳተኛውን ግን ማተብ የሌለው ይሉታል። እንግዲህ ማተብ ክር ብቻ እንዳልሆነ፤ የታማኝነት ስም እንደ ሆነ አስተውሉ።

2 በጥንት ዘመን የነበረ ምሳሌ

በልብስ ላይ የመታሰቢያ ምልክት ማድረግ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ በ15ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፤ እግዚአብሔር የእስራኤል ልጆች በልብሳቸው ጫፍ ዘርፍ እንዲያደርጉ፤ በዘርፉም ላይ ሰማያዊ ፈትል እንዲያስሩ በሙሴ አፍ አዘዛቸው። ምክንያቱም ተነግሯቸዋል፤ ዘርፉን ባዩ ጊዜ ትእዛዙን እንዲያስቡ፤ ልባቸውና ዐይናቸው ወደ ወደደው እንዳይሄዱ ነው። ዘርፉ ለጌጥ አልተሰጠም፤ ለመታሰቢያ ተሰጠ እንጂ።

ዳግመኛም በ6ኛው መቶ ዓመት ያዕቆብ ዘእልበረዲ የሚባል የሶርያ ጳጳስ ነበረ። በዚያን ዘመን የሮም ንጉሥ የነበረው ዩስጢንያኖስ ከያዕቆብ ጋራ በሃይማኖት አንድ የነበሩትን ያሳድድ ነበር። ያዕቆብም ወታደሮች እንዳያውቁት የከበረ ልብሱን ትቶ፤ ለኮርቻ የሚሆን ወፍራም ጨርቅ እንደ ለማኝ ለብሶ፤ ከአገር ወደ አገር በእግሩ እየሄደ የተሳደዱትን ያጽናና ነበር። እልበረዲ የተባለውም በዚህ ልብሱ ምክንያት ነው። እስከ ሞተበትም እስከ 578 ዓመት ድረስ ከዚህ ድካም አላረፈም። ለክርስቲያኖች ማተብን በአንገት ማሰር ያስተማረ እርሱ ነው ብለው የአገራችን መምህራን ይተርካሉ። ተስፋ የቈረጡትን ያበረታ የነበረው ይህ ሰው የለበሰው የተናቀ ጨርቅ ነበረ፤ ያጸናቸው ግን በልቡ ያለው እምነት ነው።

ደግሞም ከ996 እስከ 1021 ዓመት በግብፅ የነገሠ አል ሐኪም የሚባል ንጉሥ ነበረ። ይህ ንጉሥ ክርስቲያኖችን ሊያዋርድ ወዶ ከባድ የእንጨት መስቀል በአንገታቸው እንዲያንጠለጥሉ አዘዘ። ሸክሙ በዝቶባቸው የካዱ ነበሩ፤ ታግሠው የጸኑም ነበሩ። ንጉሡ ለውርደት ያሰበውን ምልክት የጸኑት ሰዎች ለመጽናኛ አደረጉት። እስከ ዛሬም ብዙ የግብፅ ክርስቲያኖች በእጃቸው አንጓ ላይ ትንሽ መስቀል ይነቀሳሉ።

3 ቍጣና ተስፋ መቍረጥ በመጡ ጊዜ

ቍጣ በሰው ላይ በመጣ ጊዜ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ እስትንፋሱ ያጥራል፤ ፊቱ ይግላል፤ ምላሱም ከአሳቡ ቀድሞ ይሮጣል። በዚያች ጥቂት ጊዜ የተናገረውን ቃል በኋላ ብዙ ቀን ያዝንበታል። ተስፋ መቍረጥም እንደዚሁ ነው፤ አንድ ቀን ያልተቃናውን ሥራ ለዘላለም የማይቃና ያስመስለዋል። በዚህ ጊዜ ሰው የሚያስፈልገው ረጅም ስብከት አይደለም፤ የሚያውቀውን ነገር ቶሎ የሚያስታውሰው ትንሽ ምልክት ነው። ይህን የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ አንብቡ።

አንዲት ልጅ በትምህርት ቤት ታነብ ነበር። ጓደኞቿ መስመሩን ሳያቋርጡ ሲያነቡ እርስዋ ግን በየቃሉ ትደናቀፍ ነበር። አንድ ቀን ተነሥታ ስታነብ ሳለች አንዱን ቃል በሌላ ቃል ለወጠችውና ልጆቹ ሁሉ ሳቁባት። ወደ ቤትዋም እያለቀሰች ተመለሰች፤ መጽሐፉንም በመደቡ ላይ ወርውራ እናትዋን፤ «እማዬ፤ ከእንግዲህ ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄድም። ፊደል ለእኔ አልተፈጠረም» አለቻት።

እናትዋም እንዝርትዋን አስቀምጣ ወደ እርስዋ ጠራቻትና፤ «ልጄ፤ በቀሚስሽ ደረት ላይ ያለውን ይህን መስቀል ማን ጠለፈው?» ብላ ጠየቀቻት።

ልጅቱም፤ «አንቺ ነሻ፤ እማዬ» አለች።

«በስንት ቀን የጠለፍሁት ይመስልሻል?»

«በአንድ ቀን ይሆናል።»

እናትዋ ፈገግ ብላ፤ «አይደለም ልጄ፤ ከሥራዬ በተረፈኝ ጊዜ ሁሉ እየጠለፍሁ አንድ ጾም ሙሉ ፈጀብኝ። ክሩ ብዙ ጊዜ ተበጥሶብኛል። አንድ ጊዜም የቀኙን ክንድ ከግራው አስረዝሜው ፈትቼ እንደ ገና ጀመርሁት። ክሩ በተበጠሰብኝ ቀን ቀሚሱን ወርውሬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ትለብሺ ነበር?» አለቻት።

ልጅቱም ዝም ብላ ጥልፉን በጣትዋ ዳሰሰችው። ከውስጥ በኩል ገልብጣ ባየችው ጊዜ ቋጠሮው ብዙ ነበር፤ ከውጭ ግን አንድም አይታይም።

እናትዋም፤ «ይህን መስቀል የጠለፍሁልሽ እንድታጌጪበት ብቻ አይደለም። ጌታችን መስቀሉን ተሸክሞ ሲሄድ በዙሪያው የሚስቁበት ብዙዎች ነበሩ፤ ነገር ግን የጀመረውን ሥራ ሳይፈጽም አልተመለሰም። በሳቁብሽ ጊዜ ይህን አስቢ» ብላ መጽሐፉን አንሥታ አቧራውን በነጠላዋ ጠርጋ ሰጠቻት።

በማግሥቱ ልጅቱ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። መምህሩም ተራዋ በደረሰ ጊዜ አስነሣት። አራት መስመር አነበበች፤ ሁለት ጊዜም ተሳሳተች። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። እርስዋም እጅዋን በደረትዋ ላይ አድርጋ ጥቂት ቆየችና የተሳሳተችውን ቃል እንደ ገና አነበበችው። በዚያን ቀን አላለቀሰችም፤ መጽሐፉንም አልጣለችም።

ልጆች ሆይ፤ ጥልፉ በዚያን ቀን ንባብ አላስተማራትም። ንባቡን ያስተማራት መምህርዋና የራስዋ ትጋት ነው። ነገር ግን ጥልፉ የእናትዋን ቃልና የጌታዋን ትዕግሥት ስላስታወሳት ከመንገድዋ እንዳትመለስ ረዳት።

4 ምልክቱ በራሱ እንደማያድን

አሁን ደግሞ ልንጠነቀቅበት የሚገባን ነገር አለ። ደብዳቤውን ሳያነብ በኪሱ ይዞ የሚዞር ልጅ የአባቱን ምክር አያውቅም። እንደዚሁም መስቀል በአንገቱ አንጠልጥሎ ታናሹን የሚመታ፤ ማተብ አስሮ በሐሰት የሚምል፤ የመስቀል ጥልፍ ለብሳ ጐረቤትዋን የምታማ፤ እነዚህ ሁሉ ያላነበቡትን ደብዳቤ ተሸክመዋል። ይልቁንም የሚያያቸው ሰው ምልክቱን እንዲንቅ ያደርጋሉ።

ደግሞም በልብሱ ላይ ምልክት የሌለውን ሰው አትናቁ። ጥልፍ የሚያስጠልፍበት ገንዘብ የሌለው ድኻ አለ። እምነቱን በልቡ ይዞ በልብሱ ምልክት የማያደርግ ክርስቲያንም አለ። ዳዊት ከጎልያድ ጋራ ሊዋጋ በተነሣ ጊዜ ሳኦል የራሱን ጥሩርና የራስ ቍር አለበሰው፤ ዳዊት ግን አልለመደውምና አውልቆ በእረኛ ልብሱ ሄደ። ድልም ያደረገው በእግዚአብሔር ታምኖ ነው፤ የንጉሥን ልብስ ለብሶ አይደለም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ክርስቲያን ሊለብሰው የሚገባውን የልብ ልብስ ይቈጥራል፤ እርሱም ርኅራኄ፤ ቸርነት፤ ትሕትና፤ የዋህነትና ትዕግሥት ነው። ይህን በጻፈ ጊዜ ጳውሎስ በእስራት ነበረ። እጁ በሰንሰለት ታስሮ ሳለ ለሌሎች የትዕግሥትን ልብስ ያስተምር ነበር። ማተብ ይበጠሳል፤ ጥልፍ በፀሐይና በውሃ ይደበዝዛል፤ ሸማም ያልቃል። ይህ የልብ ልብስ ግን በተለበሰ ቍጥር እየጠነከረ ይሄዳል።

5 እንግዲህ ምን እናድርግ?

ቍጣ ወይም ተስፋ መቍረጥ በመጣባችሁ ጊዜ እነዚህን አራት ነገሮች አድርጉ።

1ኛ፤ ከመናገራችሁ በፊት አፋችሁን ዝጉ፤ እጃችሁንም ሰብስቡ።
2ኛ፤ በአንገታችሁ ወይም በልብሳችሁ ምልክት ካለ ተመልከቱት፤ ከሌለም በልባችሁ አስቡት።
3ኛ፤ በአጭር ቃል፤ ጌታ ሆይ፤ ትዕግሥትን ስጠኝ ብላችሁ ጸልዩ።
4ኛ፤ ወደ ተዋችሁት ሥራ ተመለሱ፤ የበደላችሁት ሰው ቢኖርም ይቅርታ ለምኑት።

አራተኛውን ያልፈጸመ ሰው ሦስቱን በከንቱ አደረገ። ምልክቱ የተሰጠን ወደ ሥራችን እንዲመልሰን ነውና። አባቶቻችን ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ። ዛሬ አንድ መስመር ያነበበ ልጅ ነገ ሁለት ያነባል፤ ዛሬ አንድ ጊዜ ቍጣውን የገታ ልጅም ነገ ሁለተኛ ለመግታት ኀይል ያገኛል።

ጥያቄ

1 ነጠላ በኀዘን ጊዜና በቤተ ክርስቲያን እንዴት ይለበሳል?
2 ማተብ የሚለው ቃል ከየት መጣ? ባለ ማተብ የሚባለውስ ምን ዐይነት ሰው ነው?
3 እግዚአብሔር የእስራኤልን ልጆች በልብሳቸው ጫፍ ዘርፍ እንዲያደርጉ ስለ ምን አዘዛቸው?
4 ያዕቆብ ዘእልበረዲ ምን ለብሶ ይሄድ ነበር? ስለ ምን?
5 ልጅቱ ጥልፉን ከውስጥ በኩል ገልብጣ ባየችው ጊዜ ምን አገኘች? ይህስ ምን ያስተምራል?
6 ደብዳቤውን ሳያነብ በኪሱ ይዞ የሚዞር ልጅ ማንን ይመስላል?

የቃላት ፍች

ጥለት፤ በነጠላ ጫፍ የሚገባ ባለ ቀለም ጌጥ።
ዘርፍ፤ በልብስ ጫፍ የሚንጠለጠል የክር ጌጥ።
ጥሩር፤ ወታደር በጦርነት ጊዜ ደረቱን የሚከልልበት የብረት ልብስ።
አንጓ፤ የእጅ መዳፍና ክንድ የሚገናኙበት ስፍራ።
ገታ፤ ያዘ፤ ከለከለ።