ፊኛው ግድግዳ ላይ ለምን ይጣበቃል?

ልጆች፣ በማኪኒ ብርዱ ገብቶ ቤት ውስጥ ሂተር ሲከፈት አየሩ ይደርቃል። ሹራብ ስታወልቁ ሲንጣጣ ትሰማላችሁ፤ ፀጉራችሁም ይቆማል። ለዛሬው ሙከራ ጥሩው ጊዜ ያኔ ነው። ፊኛ ንፉና አፉን ቋጥሩት። ሃያ ጊዜ ያህል በፀጉራችሁ ወይም በሱፍ ሹራብ እሹትና ግድግዳ ላይ አስጠጉት። ይጣበቃል!

ለምን? ብዙ ሰው «ተቃራኒ ቻርጅ ስለሚሳሳብ ነዋ!» ይላል። ልክ ነው፤ ግን መልሱ ገና አላለቀም። ፊኛው ሲታሽ ኤሌክትሮን ከፀጉራችሁ ወስዶ ነጌቲቭ ሆኗል። ግድግዳውን ግን ማን አሸው? ማንም! ፖዘቲቩና ነጌቲቩ እኩል ነው። ታዲያ ፊኛው ምኑን ይስባል?

እስቲ በክፍላችሁ ሞክሩት። አሥር ሴቶች ጎን ለጎን ይሰለፉ። አሥር ወንዶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በአንዷ ፊት ይቁሙ። አሁን ወንዶቹ በሙሉ ግማሽ እርምጃ ብቻ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ይበሉ። መሀል ላይ ምንም የተለየ ነገር አይታይም፤ አሁንም ወንድና ሴት ተቀላቅለው ነው። ዳርና ዳሩን ግን እዩ፦ በአንዱ ጫፍ ወንድ ብቻውን ወጥቷል፤ በሌላው ጫፍ ሴት ብቻዋን ቀርታለች። ሰልፉን ጥሎ የሄደ ግን የለም።

በግድግዳውም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። እንደ ግድግዳ፣ ወረቀትና ፕላስቲክ ያሉት ዳይኤሌክትሪክ ይባላሉ። ኤሌክትሮኖቻቸው በሽቦ ውስጥ እንዳሉት አይሮጡም። ነጌቲቩ ፊኛ ሲገፋቸው ከአቶማቸው ሳይለዩ በጣም በጣም ትንሽ ይሸሻሉ። ውስጡ እንደተጣፋ ነው፤ በፊኛው በኩል ያለው ገጽ ግን ፖዘቲቭ፣ የወዲያኛው ነጌቲቭ ይሆናል። ፖዘቲቩ ለፊኛው ስለሚቀርብ መሳቡ ከመገፋቱ ይበልጣል። ፊኛውን ስታርቁት ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ግሪኮች ይህንን በጥንት ጊዜ በአምበር አይተውታል። አምበር የዛፍ ሙጫ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ደርቆ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው፤ ሲታሽ ገለባ ይስባል። በግሪክኛ ስሙ «ኤሌክትሮን» ነው፤ «ኤሌክትሪክ» የሚለው ቃል ከዚያ መጣ። አገራችንም አምበር አላት! ውስጡ ነፍሳት ያሉበት የኢትዮጵያ አምበር በ2010 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል።

ወላጆች፣ ሙከራው ላይ ሳላችሁ ሦስቱን ግሦች አስጠኗቸው፦ ሳበ፣ ተሳበ፣ ተሳሳበ። ፊኛው ግድግዳውን የሚስበውን ያህል ግድግዳውም ፊኛውን ይስባል። እንግዲህ ልጆች፣ ከሦስቱ ትክክለኛው ግሥ የትኛው ነው?