«ዲላ ነኝ» ከማለትህ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ «አገርህ የት ነው?» ሲሉህ «ዲላ ነኝ» ትላለህ። ማን ያውቃታል ብለህ የጌዴኦዋን የትውልድ ከተማህን ፍስሐ ገነትን ትዘላታለህ። ወንድሜ፣ (እህቴ፣ አንቺንም ነው) ዛሬ የማወራህ ስለተዘለለችው ስም ነው። «ማንነቴ ጠፋብኝ» የሚሉኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ቁጭ ብለን ስናወራ አብዛኞቹ ለትውልድ ቀያቸው አንድ ነገር ሠርተው አያውቁም። ሰው ደግሞ የለፋበትን ነው ከልቡ «የኔ» የሚለው።

ስም ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች የራሷ የንግድ ምልክት ለማድረግ ከግዙፉ የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ ደርሳለች። አገር የተሟገተለት ያ ይርጋ ጨፌ የእናንተ ጎረቤት ነው፤ መኪና ላይ ወጥተህ ወሬ ሳትጨርስ የምትደርስበት!

መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሪያድ ላይ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የተመዘገበው ያደግህበት ጓሮ ነው፦ ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው፤ ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው ጥንታዊ ትክል ድንጋዮችና የተከበሩት ደኖችም አብረው። ምዝገባው እንዲሁ የመጣ አይደለም። ዶክተር ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም የዶክትሬት ጥናታቸውን ሲጽፉ ርዕሱን «የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት?» ብለውታል። ከምዝገባው 21 ዓመት በፊት ማለት ነው። እኔ ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

አንተም ከትንሹ ጀምር። ለበዓል ስትሄድ አያትህ እንሰት ስትፍቅ አጠገቧ ተቀመጥ። ከእንሰቱ ግንድ የተላጠውን ሽፋን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ አስደግፋ በቀርከሃ ስትፍቀው፣ ነጩ ከታች ሲጠራቀም እያየህ፣ «ይኼኛው እንሰት ስሙ ማነው? ያኛውስ?» በላት። በጌዴኦኛ የምትነግርህን እዚያው ስልክህ ላይ ቅዳ። በማግስቱ የሽማግሌዎች ሸንጎ ወደሆነው ሶንጎ ሂድ። ዝም ብለህ አዳምጥ፤ ሽማግሌዎቹ ነገር ሲያበርዱ ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ከዚያ የቀዬው ጉዳይ ራሱ ይመጣልሃል፤ የውኃው፣ የትምህርት ቤቱ መጻሕፍት፣ ዝናብ የሚቆርጠው መንገድ። አንዱን ያዝ። አንዱን ብቻ! ማመልከቻ ጻፍ፣ ቢሮ ተመላለስ፣ አዲስ አበባ ያሉትን የሰፈር ልጆች ሰብስብ። የመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ ባያገኝ ሁለተኛውን ጻፍ፤ በሦስተኛው ቢሮው በስምህ ያውቅሃል።

አዲስ አበባ ስትመለስ ያው ጥያቄ ይጠብቅሃል። «ፍስሐ ገነት» በል። «እሱ ደግሞ የት ነው?» ይሉሃል። ወንበር ስበህ ቡና እዘዝ፤ ወሬው ረጅም ነው።