ኮባውን የት እንትከለው?

የዛሬው ትምህርት ስለ ጓሮ ተክል ነው። ክረምቱ እየመጣ ስለሆነ ችግኝ ለመትከል ያሰባችሁ ሁሉ አንብቡት።

ኮባ ምንድን ነው?

እኛ ኮባ የምንለው ተክል በደቡብ የአገራችን ክፍል እንሰት ይባላል። እዚያ ቆጮና ቡላ ይሠራበታል። በእኛ አገር ግን የሚፈለገው ቅጠሉ ነው፤ የበዓል ዳቦ ያለ ኮባ አያምርም። ብዙ ልጆች ከሙዝ ጋር ያምታቱታል። ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን ኮባ እንደ ሙዝ የሚበላ ፍሬ አይሰጥም፣ እግሩ በጣም ወፍራም ነው፣ ቅጠሉም ወደ ላይ ቆሞ ይታያል። ግንድ የሚመስለውም ግንድ አይደለም፤ የቅጠሎቹ እግር እርስ በርስ ተደራርቦ ነው።

ኮባ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ አይቶታል። በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ኮባ ጎንደር ላይ በደንብ እንደሚበቅል ጽፏል።

ቦታ መምረጥ ለምን ያስፈልጋል?

ጎመን ቦታው ባይስማማው በሚቀጥለው ወር ሌላ ይዘራል። ኮባ ግን ለብዙ ዓመት የሚኖር ተክል ነው። ቁመቱ ከ4 እስከ 8 ሜትር ይደርሳል። የጉራጌ ገበሬዎች ችግኙን ገና ትንሽ እያለ እየነቀሉ፣ ቦታ እያሰፉ ደጋግመው ይተክሉታል። ካደገ በኋላ ግን ማን ይሸከመዋል?

ሌላም ነገር አለ። ኮባ የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አብቦ ፍሬ ከያዘ በኋላ ይሞታል። የአያቴ ኮባ ዘንድሮ አበበ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ይላል፤ አያቴ ግን አዝነዋል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀልና ለገና ጎረቤቱ ሁሉ ቅጠል የሚቆርጠው ከእሳቸው ጓሮ ነበር። አሁን አንድ ችግኝ አግኝተናል። ጓሯችን ጠባብ ስለሆነ ሦስት ቦታ ብቻ አለን። እኔም ሦስቱን አወዳደርኳቸው።

1ኛ. በሩ አጠገብ። ፀሐይ በደንብ ያገኛል። ነገር ግን ነፋሱ በዚያ በኩል ነው የሚመጣው። ነፋስ ቅጠሉን ይተለትለዋል፤ ተክሉ በዚህ አይሞትም፣ የተተለተለ ቅጠል ግን ሊጥ አይይዝም። ከብትና ፍየልም በዚያ ያልፋሉ፣ ያገኙትን ይበላሉ።

2ኛ. ከጓሮው በታች። ቦታው ሰፊ ነው፤ ነፋስም የለም። ግን የደምብያ አፈር ዋልካ መሆኑን አትርሱ። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ያቁራል። የኮባ ሥር ብዙ ቀን ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል።

3ኛ. ከማድ ቤቱ ኋላ። ግድግዳው ነፋሱን ይከልላል። አመዱና ፍጉም ቅርብ ነው። አያቴ «ኮባ የእቃ እጣቢ የሚደፋበት ነው የሚያምርበት» ይላሉ። ሳሙና የበዛበት ውሃ ግን ሌላ ቦታ ይደፋ። እናቴ «በርበሬዬን ይጋርድብኛል» አለች። እውነቷን ነው፤ ቅጠሉ እስከ 5 ሜትር ሊረዝም ይችላል።

ውሃ መያዙን በምን እናውቃለን?

እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉበትና እስኪሰርግ ጠብቁ። ከዚያ ማታ እንደገና ሙሉት። የሚቆጠረው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ደረቅ ዋልካ የመጀመሪያውን ውሃ በስንጥቁ ጠጥቶ ያታልላል። ጠዋት ውሃው ካለ ቦታው ያቁራል ማለት ነው። እኛ ስንሞክረው የታችኛው ጉድጓድ ጠዋትም ውሃ ነበረው፤ የማድ ቤቱ ግን ደርቆ አደረ።

ስለዚህ ከማድ ቤቱ ኋላ እንዲሆን ተስማማን። ከግድግዳው 2 ሜትር ያህል ይርቃል፣ አፈሩም ከፍ ተደርጎ ይደለደላል። በርበሬው ወደ በሩ በኩል ይዛወራል፤ እሱ ፀሐይ ይወዳል፣ ዙሪያውንም እሾህ እናጥርለታለን። ቅጠሉ ወደ አጥሩ ስለሚዘረጋ እናቴ ጎረቤታችንን እትዬን አስቀድማ ጠየቀቻቸው። «ለኔም ዳቦ አይደል? ትከሉት!» አሉ።

መልመጃ
ሀ. ኮባና ሙዝ በምን ይለያያሉ?
ለ. በጉድጓዱ ሙከራ ሁለተኛው ውሃ የሚቆጠረው ለምንድን ነው?
ሐ. በቤታችሁ ጓሮ ነፋስ የሚመጣው በየት በኩል ነው? ውሃስ የሚያቁረው የት ላይ ነው? በደብተራችሁ ሥላችሁ ለሳይንስ መምህራችሁ አሳዩ።

መልሱን እስከ ዓርብ ለክበባችን አምጡ። ቸር እንሰንብት!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል